የጎርፉ ቀን ፎቶ

«እድላዊት!»

የጠራት ሰው በጣም ሩቅ ያለ መሰላት። ሁለተኛ ሲጠራት ግን ድምፁ ከራስጌዋ ነበር። ብድግ ስትል የፈተናው ወረቀት ጉንጯ ላይ ተለጥፎ አብሯት ተነሣ። ክፍሉ አውካካ።

የሒሳብ አስተማሪው መምህር ሰላሁን ወረቀቱን ከጉንጯ ላይ ላጥ አድርገው አነሡና አዩት። ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ተሠርተዋል። ከዚያ በታች እስክሪብቶዋ መስመሩን ስቶ ወደ ታች ያሰመረው አንድ ረጅም ጭረት ብቻ ነበር።

«አሞሻል?»

«አይ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ሌሊቱን ምን ስትሠሪ ነው የምታድሪው?»

ከኋላ አንዱ ልጅ ጣልቃ ገባ። «አራብሳ እኮ ነው የምትኖረው፣ ቲቸር! ለሰኞ ትምህርት እሑድ ነው የምትነሣው።»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። መምህር ሰላሁን ግን አልሳቁም። ወረቀቱን ዴስኳ ላይ መለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አልቆጣሽም። ግን ለእናትሽ ንገሪያት። እንዲህ ሆነሽ ዓመቱን አትዘልቂውም» አሏት።

እድላዊት አልተናደደችም፤ አላፈረችምም። ማፈርም ጉልበት ይፈልጋል።

ትምህርት ቤቷ ልደታ ነው፤ ቤቷ ደግሞ ቦሌ አራብሳ። ባለፈው ዓመት ከልደታ ማርያም ጀርባ የነበረው ሰፈራቸው ሲፈርስ ለእሷና ለእናቷ የደረሳቸው ቤት እዚያ፣ ከተማው የሚያልቅበት ጋ ነበር። እናቷ ኮከቤ ሜክሲኮ አጠገብ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ስለዚህ በየቀኑ ገና ሳይነጋ አብረው ይወጣሉ፤ እስከ አያት በታክሲ፣ ከአያት ወዲያ በባቡር። ባቡሩ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ስለሚቆም ቆሞ ማንቀላፋት ይቻላል። ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ ተመልሰው እራት በልተው ይተኛሉ።

እናቷ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ነገር ትደጋግማለች። «መሸኛሽን እናውጣና እዚያው ተማሪ። ትምህርት ቤቱ እኮ ከበረንዳችን ይታያል።»

የእድላዊት መልስም ያው አንድ ነው። «እዚያ ማንንም አላውቅም።»

አራብሳ ለእሷ የሚተኛበት ቦታ ነው። ሰፈሯ ልደታ ነው። እርግጥ ሰፈሩ አሁን የለም፤ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ በቀዳዳው ሲያዩት ቀይ አፈርና ጉድጓድ ብቻ ነው። የቀረው ሰንጋ ተራ፣ የጓደኛዋ የናዝሬት ቤት ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ላይ በተሰቀለ አንድ ካርቶን ውስጥ ነው።

የናዝሬት አያት አባባ ገብረየሱስ በደኅናው ጊዜ የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ክርስትናም ይሁን ሠርግ፣ ምርቃትም ይሁን የቁርባን ቀን፣ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የማይገኙበት አልነበረም። ባለቤቶቹ ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎች በካርቶኑ ውስጥ ተጠራቅመዋል። የናዝሬት ቤተሰብ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ስለነበር ከአካባቢው አልራቁም። እድላዊት ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ ከሥራ እስክትወጣ ድረስ የምትቆየው እነሱ ጋ ነው። እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ወንበር አስጠግታ ካርቶኑን ማውረድ ነው።

በተለይ አንድ ፎቶ ትወዳለች። እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ሆና የጎረቤታቸው የጋሽ ባጫ ትከሻ ላይ ተቀምጣለች። ጠባቡ መንገድ ውሃ ሞልቶት ጋሽ ባጫ ቦቲያቸው እስኪሞላ ውሃው ውስጥ ቆመዋል። የእሷ አፍ በሰፊው ተከፍቷል። ስትስቅ ነው። ይህን ፎቶ በስልኳ አንስታው ስልኳን በከፈተች ቁጥር ታየዋለች። እንደዚያ ስቃ የምታውቅበት ሌላ ቀን ትዝ አይላትም።

በፈተናው ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከናዝሬት አጭር መልእክት ደረሳት። «ዛሬ ቤት የለሁም። አክስቴ ጋ ነኝ።»

እድላዊት በሩ ላይ ቆም አለች። እናቷ እስክትወጣ ገና ብዙ ሰዓት አለ። እግሯ እንዳመጣላት ወደ ልደታ ማርያም ሄደችና ከቅጥሩ ውስጥ፣ ፀሐይ ያለበት ግንብ ሥር ተቀመጠች። የነቢያት ጾም ስለነበረ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት ነው፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ ከዘራቸውን አቁመው ትኩር ብለው አዩአት።

«እድል አይደለሽም? እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

አባባ ገብረየሱስ ነበሩ። ብድግ ብላ ትከሻቸውን ሳመች።

«ናዝሬት አክስቷ ጋ ነኝ ስላለችኝ ነው፣ አባባ። እዚሁ ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው።»

«አክስቷ ጋ?» አሉ ግራ ተጋብተው። «አሁን እኮ ከቤት ደውላ ዳቦ ይዘው ይምጡ አለች...» ንግግራቸውን በመካከል አቋረጡት። የልጅቷን ፊት አይተው ያወጡት ቃል እንደማይመለስ ገብቷቸዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በይ ነይ፤ ዳቦውን ትይዥልኛለሽ።»

«ግዴለም አባባ፣ ወደ ሜክሲኮ...»

«ነይ አልኩ እኮ።»

በሩን የከፈተችው ናዝሬት ነበረች። ከአያቷ ጀርባ እድላዊትን ስታይ ፊቷ ቀላ። አባባ ገብረየሱስ ዳቦውን ተቀብለው ማንንም ሳያዩ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሁለቱ ልጆች ወደ በረንዳው ወጡ። ታች ግንባታ አለ፤ የሚሽከረከረው የሲሚንቶ ማቡኪያ ድምፅ ይሰማል።

«ዋሸሽኝ» አለች እድላዊት።

ትክዳለች ብላ ጠብቃ ነበር። ናዝሬት ግን «አዎ» አለች።

«ለምን?»

«ደከመኛ፣ እድል! ትመጫለሽ፣ ካርቶኑን ታወርጃለሽ፣ ‹ይሄን ታስታውሻለሽ? ያንን ታስታውሻለሽ?› ነው። በፊት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን እኔን ሳይሆን ፎቶ ልታዪ የምትመጪ ነው የሚመስለኝ። ባለፈው ሳምንት ከቮሊቦል ቡድኑ እንዳስወጡኝ ነግሬሽ ነበር። ምን እንዳልሽኝ ታውቂያለሽ?»

እድላዊት ለማስታወስ ሞከረች። ምንም የለም።

«ምንም አላልሽኝም። የእትዬ ነስሪንን ሱቅ በር ቀለም ነው የጠየቅሽኝ።»

«ያንቺም ሰፈር እኮ ነበር።»

«ነበራ! የጋራ ሽንት ቤቱም ነበር። ረሳሽው እንዴ? ቁልፍ ይዘን ወረፋ ስንቆም፣ ማታ አይጥ ፈርተን እየተጣራን ስንሄድ? እሱን ማንም ፎቶ አላነሣው። እውነቱን ልንገርሽ ጀለሴ? እዚህ የገባን ቀን ሻወር ውስጥ ሆኜ አልቅሻለሁ። በደስታ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም ስለ ድሮ ሰፈር ሲያለቅስ እኔ ብቻ ፋራ እንዳልመስል።»

«አንቺ ምን አለብሽ» አለች እድላዊት። «እዚሁ ነሽ። እኔ ነኝ በጨለማ የምነሣው።»

«እሺ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ሰዎቹስ? ሰዎቹ እኮ እዚህ የሉም። ግማሾቹ እናንተ ጋ ናቸው። ጋሽ ባጫ አራብሳ አይደሉም እንዴ? ፎቶአቸውን ስልክሽ ላይ ለጥፈሽ ትዞሪያለሽ፤ አንድ ቀን ሄደሽ ጠይቀሻቸዋል?»

እድላዊት ጋሽ ባጫ አራብሳ መሆናቸውን ታውቃለች። እናቷ ብሎካቸውን ሳይቀር ነግራታለች። ግን ሰኞ እስከ ዓርብ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትገባለች፤ ቅዳሜና እሑድ ትተኛለች። ከዚህ ሌላ ምክንያትም ነበራት፤ ለራሷም ተናግራው የማታውቀው። ጋሽ ባጫን የምታውቃቸው በጠባቡ መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ ጎማ በሚጠግኑባት ደሳሳ ቤት በር ነው። በአራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ልታያቸው አልፈለገችም።

ናዝሬትም ንዴቷ በረደላት። «መዋሸት አልነበረብኝም» አለች ወደ ታች እያየች። «እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው።»

እድላዊት ወደ ውስጥ ገባች። በዚያ ቀንም ካርቶኑን አወረደችው፤ ግን አልተቀመጠችም። ፎቶውን ፈልጋ አወጣችና ከማድ ቤት የተመለሱትን አባባ ገብረየሱስን «አባባ፣ ይሄን ልወስደው እችላለሁ? ለጋሽ ባጫ ላሳያቸው ብዬ ነው» አለቻቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ይሄንን? ውሰጂው። ግን ይሄ እኮ የደስታ ፎቶ አይደለም። ለቀበሌ ያነሣሁት ነው።»

«ለቀበሌ?»

«ለአቤቱታ። በየክረምቱ ውሃ ቤታችሁ ይገባ አልነበር? ማመልከቻ ጻፉ ተባልን፤ ብንጽፍ ብንጽፍ የሚሰማ ጠፋ። ከዚያ ፎቶ አንሥተን እናያይዘው አልን። ያን ቀን ጎርፉ የባሰ ነበር።»

«እኔ ግን እየሳቅኩ ነው፣ አባባ። ይዩት።»

ሽማግሌው ፎቶውን አስጠግተው አዩ፤ ከዚያ እሷን። ሊነግሯት አመነቱ።

«አትስቂም፣ የኔ ልጅ። እየጮኽሽ ነው። እናትሽን ነው የምትጠሪው። እሷ ውስጥ ናት፤ ፍራሹን አልጋ ላይ ልትሰቅል ስትታገል። ባጫ መጀመሪያ አንቺን አወጣ፤ ከዚያ ተመልሶ እሷን ሲያግዝ፣ ውሃ ሲቀዳ አመሸ። ጉልበቴን ያመመኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይላል፤ እሱን እግዜር ይወቀው።»

እድላዊት ፎቶውን ተቀበለች። ስንት ጊዜ አይታዋለች! ከኋላ በኩል ግን የቤታቸው በር ክፍት መሆኑን፣ በበሩ መካከልም ሳፋ የያዘ አንድ እጅ እንደሚታይ ልብ ብላ አታውቅም። የእናቷ እጅ ነው። ፊቷ አይታይም።

ማታ ባቡሩ ውስጥ እንደ ዕድል ሆኖ መቀመጫ አገኙ። እድላዊት ፎቶውን አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። ኮከቤ በደበዘዘው መብራት ረጅም ጊዜ ያዘችው።

«ይሄንን ፎቶ አይቼው አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ያ ፍራሽ እኮ እስከ ኅዳር አልደረቀም። እሱ ላይ ነበር የምንተኛው።»

«አልቅሰሽ ነበር?»

«እንጃ። አልቅሼ ይሆናል።» ፎቶውን መለሰችላት። «ከጎርፉ በኋላ ግን ሰፈሩ ሁሉ ምግብ አመጣልን። ምግቡ ተርፎ ሌላ ሰው አበላን።» ፈገግ ልትል ጀምራ ማዛጋት ቀደማት። መገናኛን ሳያልፉ እናቷ አንገቷን ደፍታ አንቀላፋች። እድላዊት የእናቷን እጅ አየችው፤ ጣቶቿ በእንቅልፏም ቦርሳዋን ጨብጠዋል። እስከዚያ ቀን ይህ መንገድ የእሷ ብቻ ድካም ይመስላት ነበር።

ስልኳን አወጣችና ለናዝሬት ጻፈች። «ከቡድኑ ለምንድን ነው ያስወጡሽ?»

መልሱ ወዲያው መጣ፤ ረጅም የድምፅ መልእክት ነበር። እድላዊት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ እንደገና ከፈተችው፤ በጫጫታው መካከል ያመለጣት ነገር ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከእንቅልፏ ስትነሣ እናቷ ልብስ እያጠበች ነበር። የት እንደምትሄድ ነግራት ወጣች። የአራብሳ ብሎኮች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ በግቢው መካከል ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዲት ሴት ጎመን ትሸጣለች። እድላዊት በዚህ ሰዓት እዚህ ሰፈር ውስጥ በእግሯ ሄዳ አታውቅም። መንገድ መጠየቅ ነበረባት።

ጋሽ ባጫ ምድር ቤት ናቸው። በሩን የከፈቱላት ባለቤታቸው እትዬ ቢፍቱ ነበሩ፤ አይተዋት «ውይ! የኮከቤ ልጅ!» ብለው አገላብጠው ሳሟት። ጋሽ ባጫ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። በጣም ቀጥነዋል። ግዙፉ ሰውዬ በወንበሩ ውስጥ ትንሽ ሆነዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ጋቢ ተደርቦበታል።

«ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ» አሉ። «እንዴት አድገሻል! ልነሣልሽ ብል ይሄ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም።»

«አይነሡ፣ ጋሽ ባጫ።»

ሻይ ቀረበላት። ስለ ትምህርቷ ጠየቋት፤ ደኅና ነው አለች። ስለ ሥራቸው ጠየቀቻቸው። የጎማ መንፊያ ማሽናቸውን ዕቃ ቤት አጥተውለት እንደሸጡት፣ መንገድ ዳር ልሥራ ቢሉም ጉልበታቸው እምቢ እንዳለ ነገሯት። ሲነግሯት አላማረሩም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል ነበር። እድላዊት ፎቶውን ከቦርሳዋ አወጣች።

ጋሽ ባጫ መጀመሪያ የሳቁት በራሳቸው ነው። «ቢፍቱ፣ ነይ እስኪ እዪ! ይሄ ሁሉ ጸጉር የኔ ነበር?» እትዬ ቢፍቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጡና ከትከሻቸው በላይ ሆነው አዩ። ሁለቱም በጣታቸው እየነኩ ሄዱ፤ ይህ የእነ እንትና አጥር ነው፣ ያ የውሃው ቦኖ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ባጫ ፎቶውን ቀስ ብለው በግንባሩ ጋቢያቸው ላይ ደፉት።

«በቃኝ» አሉ። «ብዙ ካየሁት ቀኑን ሙሉ እዚያው እውላለሁ።»

እድላዊት ሻይዋን አየች። ይህን ነገር ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

«እዚህ ሰው ደግ ነው፤ አልዋሽሽም» አሉ ጋሽ ባጫ ቀጥለው። «በደረጃው የሚያልፈው ሁሉ ‹ሰላም ነዎት አባት› ይለኛል። ባጫ ብሎ የሚጠራኝ ግን የለም። ቢፍቱ ብቻ ናት።»

«ሳልመጣ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እድላዊት። «ቤታችን እኮ ከዚህ ሩቅ አይደለም።»

«አውቀዋለሁ እንጂ። በየጠዋቱ አያችኋለሁ።»

ቀና አለች።

«እንቅልፍ ከዓይኔ ከጠፋ ቆየ። ሌሊት ተነሥቼ እዚህ መስኮት ጋ እቀመጣለሁ። አንቺና እናትሽ በዚህ በኩል ነው የምታልፉት፤ በጨለማ፣ እየሮጣችሁ። አንድ ቀን እናትሽ ጫማዋን ለማጥለቅ እዚህ ጋ ቆማ ነበር። ልጠራችሁ እልና ታክሲው ያመልጣቸዋል ብዬ እተወዋለሁ።»

እትዬ ቢፍቱ ብርጭቆውን ለማንሣት ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እድላዊት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። በየቀኑ የምትሮጥበት ኮብልስቶን እዚያው፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ይህን መስኮት አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም።

ልትሄድ ስትነሣ እትዬ ቢፍቱ ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው ሰጧት። ጋሽ ባጫ እጇን ይዘው አልለቀቁም።

«ደግሞ መቼ ትመጫለሽ? የሚመጣው ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ።» ትንሽ አሰበች። «ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እላለሁ። ያኔ አይመሽብኝም።»

«ከልደታ መጥተሽ እንዴት ሳይመሽብሽ?»

«ከልደታ አይደለም። እዚሁ ልማር ነው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አዲስ ነበር። እናቷ እንኳ ገና አልሰማችም። ደስታ አልተሰማትም፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ መንገድ ላይ ያሳረፈ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር፤ ክንዱ ገና እንደዛለ ነው።

ጋሽ ባጫ እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙና ለቀቋት። የጠየቁት እትዬ ቢፍቱ ናቸው። «የጠዋት ፈረቃ ነው የከሰዓት? የከሰዓት ከሆነ ምሳ እዚህ በልተሽ ትሄጃለሽ።»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለች እድላዊት ጫማዋን እያሰረች። «ሰኞ ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»